ዮርክን ያለ ክፍያ ለሚያይ

በእንግሊዝ አገር ያለችውን የዮርክ ከተማ ያለ ክፍያ ስለ መጎብኘት የወጣው ጽሑፍ ጥሩ ነው፤ በጥንቱ የከተማዋ ቅጥር ላይ ስለሚደረገው ጉዞ «የዮርክን ቅጥር ሳይወርዱ ይዞሩታል» ማለቱ ግን ሰው ያሳስታል። 3.4 ኪሎ ሜትር ያህል የሚሆነው ግንብ ገጥሞ አይዘጋም። ከሞንክ ባር («ባር» እዚያ የቅጥሩ በር ማለት ነው) ተነስተው ሌየርቶርፕ የሚባለው ሰፈር ሲደርሱ ድንገት ያልቃል። የፈረሰ እንዳይመስልዎ፤ የእንግሊዙ ንጉሥ ቀዳማዊ ዊልያም የፎስን ወንዝ ስላስገደበ ቦታው ሐይቅና ረግረግ ሆኖ ነበርና ግንብ አላስፈለገውም። ዛሬ በመኪናው መንገድ ዳር በእግር ሄደው፣ «ቀይ ግንብ» ከሚባለው የጡብ ማማ ጋ እንደገና ቅጥሩ ላይ ይወጣሉ። ጊዜ ያጠረው ከቡተም ባር እስከ ሞንክ ባር ያለውን ብቻ ይሂድ፤ የዮርክ ካቴድራል ከነአትክልቱ የሚታየው ከዚያ ነው። የሕፃን ጋሪ ግን አይሞከርም፦ ደረጃው ጠባብ ነው፣ በውስጥ በኩልም አንዳንድ ቦታ መከለያ የለውም። ሲመሽ ይዘጋል።

ካቴድራሉ ለጉብኝት ያስከፍላል፤ ለሠርክ ጸሎት የሚገባ ግን አይከፍልም። ቀድመው ይቀመጡ፤ እየዞሩ ፎቶ ማንሳት አይቻልም። ከደቡቡ በር ውጭ በነሐስ ተቀምጦ የሚያዩት ቆስጠንጢኖስ ነው፤ መስቀልን ስናከብር የምናነሳት የንግሥት እሌኒ ልጅ። በ306 እ.ኤ.አ. የሮም ንጉሠ ነገሥት የተባለው እዚሁ ከተማ መሆኑን ጽሑፉ እንዴት እንደዘለለው አልገባኝም!

ዝናብ ከመጣ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ያለው የባቡር ሙዚየም ነጻ ነው። በ1938 እ.ኤ.አ. በሰዓት 203 ኪሎ ሜትር የበረረችው የእንፋሎት ባቡር ማላርድ እዚያ ናት።