ሜዳሊያው ሳይመጣ በፊት

የምኖረው ለንደን ነው። እዚህ ስፖርትስኤድ የሚባል የበጎ አድራጎት ድርጅት አለ፤ የተቋቋመው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ሥራው ስማቸው ገና ያልታወቀ ታዳጊ ስፖርተኞችን መደገፍ ነው። ልጁን የሚጠቁመው የስፖርቱ ፌዴሬሽን ነው። ድጋፉ አብዛኛውን ጊዜ በዓመት 1,000 ፓውንድ አካባቢ ነው። ለለንደን ኑሮ ብዙ የሚባል አይደለም። ለባቡር፣ ለማደሪያና ለትጥቅ ይውልና ያልቃል። ግን የሚደርሰው ልጁ ገቢ በሌለው፣ ወላጅ በሚጨነቅበት ሰዓት ነው። የኦሎምፒክ ሻምፒዮኑ እንግሊዛዊ ሯጭ ሞ ፋራህም በልጅነቱ ከተደገፉት አንዱ ነው።

እኛ አገር ሽልማቱ የሚመጣው ከድል በኋላ ነው። መሬቱም፣ መኪናውም፣ የጀግና አቀባበሉም። ይገባቸዋል! እኔን የሚያሳስበኝ ከዚያ በፊት ያለው ጊዜ ነው።

ቤተሰብ ልጠይቅ አዳማ ስሄድ ወበቁ ሳይበረታ በማለዳ የሚሮጡ ልጆች አያለሁ። በታዳጊዎች ማሰልጠኛ ፕሮጀክት የታቀፉ ልጆች ናቸው። አሰልጣኞቹን ሳናግር መጀመሪያ የሚያነሱልኝ ጫማ ሳይሆን ምግብ ነው። የላብ መተኪያ፣ ማለትም ለምግብ የሚሰጣቸው ገንዘብ፣ ሲቋረጥ ልጁ ቁርስ ሳይበላ ሮጦ፣ በዚያው ትምህርት ቤት ይገባል። ስንቱ እንዲህ ሆኖ ይዘልቃል? ቀጥሎ ትራንስፖርት ነው። አዳማ 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። 75 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ያለችው አሰላ ግን ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ ለረጅም ርቀት ሯጭ ልምምዱ እዚያ ይሻላል። የጥሩነሽ ዲባባ ማሰልጠኛ ማዕከልም አሰላ ነው። ተመርጦ የገባ እዚያው ያድራል፣ ይበላል። ያልገባው የሚሳፈረው በእናቱ ብር ነው።

ጫማ ደግሞ ስሌት አለው። የሩጫ ጫማ ከ500 እስከ 800 ኪሎ ሜትር ቢያገለግል ነው። በሳምንት 100 ኪሎ ሜትር የምትሮጥ ልጅ በሁለት ወር ትጨርሰዋለች። እኛ ዳያስፖራዎች በሻንጣ ጫማ ይዘን እንሄዳለን፣ እናድላለን፣ ፎቶ እንነሳለን። ከሁለት ወር በኋላስ? ይህን ማሰብ አለብን።

አቅሙ አለን። በሰሜን አሜሪካ የኢትዮጵያውያን ስፖርት ፌዴሬሽን እ.ኤ.አ. ከ1984 ጀምሮ በየዓመቱ በእግር ኳስ ውድድር ያሰባስበናል። አውሮፓም የራሳችን ውድድር አለን። እነዚህን በዓላት በጣም እወዳቸዋለሁ፤ ልጆቻችን አገራቸውን የሚያውቁባቸው ናቸው። ያን ሁሉ የሚያዘጋጅ ሰው ለአዳማ ልጆች የሚሆን ቋሚ ፈንድ ማቋቋም አያቅተውም።

በእኔ በኩል የምለው ይህ ነው። በእነዚህ ውድድሮች የሚሳተፍ እያንዳንዱ ቡድን አንድ ልጅ ይያዝ። ምርጫውን ለአሰልጣኞች እንተው፤ የዘመድ ልጅ አይግባበት። ብሩ በየወሩ በወላጅ ስም ባንክ ይግባ፣ ቢያንስ ለሁለት ዓመት። ልጁ ቢጎዳም አይቋረጥ፤ ሕክምና የሚያስፈልገው ያኔ ነውና።