ሊጥ የምታቦካ ልጅ ስንት ትምህርት ትማራለች?

በአሜሪካ የሜሪላንድ ግዛት ልጁን ቤት ውስጥ የሚያስተምር ወላጅ ስምንት የትምህርት ዓይነቶችን በመደበኛነትና በሚገባ የማስተማር ግዴታ አለበት፦ እንግሊዝኛ፣ ሒሳብ፣ ሳይንስ፣ ኅብረተሰብ፣ ሥነ ጥበብ፣ ሙዚቃ፣ ጤናና የሰውነት ማጎልመሻ። ማስተማሩን የሚያሳየው የልጁን ሥራ በያዘ ፖርትፎሊዮ ነው። ካውንቲው፣ ማለትም የአካባቢው አስተዳደር፣ ይህንን በዓመት እስከ ሦስት ጊዜ ሊገመግም ይችላል። ልጁ በየትኛው መጽሐፍ ይማር፣ በቀን ስንት ሰዓት ወንበር ላይ ይቀመጥ የሚለውን ግን ደንቡ ለወላጅ ትቶታል።

በሜሪላንዷ ሲልቨር ስፕሪንግና በአካባቢው ልጆቻቸውን በዚህ መንገድ የሚያስተምሩ ኢትዮጵያውያን ወላጆች አሉ፤ እኔም አንዷ ነኝ። ፖርትፎሊዮዎቻችንን ጎን ለጎን ስናያቸው አንዱን ከሌላው መለየት ያስቸግራል። ከኢንተርኔት የታተመ የመልመጃ ወረቀት፣ በላዩ ቀይ እርማት፣ ቀጥሎ ሌላ ወረቀት። ልጆቹ በቤታቸው የሚለኩት፣ የሚቆጥሩት፣ የሚጠይቁት ነገር የለበትም። ወጥ ቤት የሚከናወነውን ሥራ፣ ወረቀት ላይ የተሞላውን ትምህርት ብለን ከፍለነዋል። ይህ አከፋፈል የተሳሳተ ነው። ልጆቻችንን የሚያስከፍላቸውም ብዙ ነው።

እንጀራን እንውሰድ። ሊጥ ሲቦካ እርሾና ባክቴሪያ በዱቄቱ ውስጥ ያለውን ስኳር እየተመገቡ አሲድና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያወጣሉ። እንጀራውን የሚያኮመጥጠው አሲዱ ነው፤ ዓይን የሚያወጣለት ደግሞ ጋዙ። ይህንን ለአሥር ዓመት ልጅ በቃል መንገር ይቻላል፤ ግን ማን ያስታውሰዋል? የእኔ ልጅ ያስታወሰችው ከአንድ ቡኮ ለሁለት ማሰሮ ከፍላ፣ አንዱን ማሞቂያው አጠገብ፣ ሌላውን የጥር ብርድ በሚገባበት መስኮት ሥር ካስቀመጠች በኋላ ነው። ጠዋትና ማታ የሊጡን ከፍታ በማስመሪያ ለካች፣ የሁለቱን ቦታ ሙቀት በቴርሞሜትር አነበበች፣ በሠንጠረዥ መዘገበች፣ ከሠንጠረዡ ግራፍ ሣለች። የማሞቂያው ማሰሮ ኩፍ ብሎ ሲወርድ የመስኮቱ ገና አልተነሣም ነበር። ሳይንስ፣ ሒሳብና ሥዕል በአንድ ገጽ ላይ ተገናኙ።

ከዚያ አብሲት መጣ። ከቦካው ሊጥ ጥቂት ወስደን በውሃ እያማሰልን አፍልተን፣ አቀዝቅዘን መልሰን ስንቀላቅለው «ለምን?» አለች። ይህን እናቴ ትመልሰው ብዬ አዲስ አበባ እንድትደውል አደረግሁ።

«እማማ፣ አብሲት ካልጣሉበት ምን ይሆናል?»

«ዓይን አያወጣልሽም እናቴ። ድርቅ ብሎ ይቀራል።»

እናቴ ምክንያቱን በኬሚስትሪ ቋንቋ አትናገረውም፤ ውጤቱን ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች። ልጄ ምክንያቱን ከመጽሐፍ ፈለገች፦ ስታርች በሙቀት ውሃ ሲጠጣ ይወፍራል፤ የወፈረው ሊጥ ጋዙን ይዞ ያቆያል። በመጨረሻም አሠራሩን ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ፣ አንድም እርምጃ ሳትዘል፣ በእንግሊዝኛና በአማርኛ ጻፈች። ቅደም ተከተል ጠብቆ መጻፍ ብዙ ልጆች የሚቸገሩበት ነገር ነው። እዚህ ግን አንድ እርምጃ ከጎደለ የሚያነብበው ሰው እንጀራው እንደማይወጣለት ጸሐፊዋ ታውቃለች፤ ስለዚህ እርማቱን ራሷ ትሠራለች።

ስልኩ ራሱ ሌላ ትምህርት ነበር። በሐምሌ እዚህ ከቀኑ 9 ሰዓት ሲሆን አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ነው፤ ልዩነቱ 7 ሰዓት። በጥር ግን ያው 9 ሰዓት አዲስ አበባ ላይ 5 ሰዓት ይሆናል፤ ልዩነቱ 8። በዚያ ላይ የልጄ ሰዓት 3 ይላል እንጂ 9 አይልም። ልጅ አያቷን ከእንቅልፍ እንዳትቀሰቅስ ስትል የምትሠራው ስሌት ከየትኛውም የመልመጃ ወረቀት ይበልጥ ያተጋታል። ጥያቄውም ተከትሎ ይመጣል፦ አሜሪካ ሰዓቷን በዓመት ሁለት ጊዜ ስታዘዋውር ኢትዮጵያ ለምን አታደርገውም? መልሱ ካርታ ያስከፍታል። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ገደማ ላይ ናት፤ ረጅሙና አጭሩ ቀን የሚለያዩት በአንድ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ 39 ዲግሪ ላይ ናት፤ በሰኔ ቀኑ 15 ሰዓት ሊሞላ ይቃረባል፣ በታኅሣሥ ወደ 9 ሰዓት ተኩል ያጥራል። ምድር ዘንበል ብላ እንደምትዞር የማስተማሪያ ጊዜው ይህ ነው።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስቆጨኝ ግን የዘመን አቆጣጠራችን ነገር ነው። በየቤታችን ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ካላንደር ውስጥ የተሟላ የሒሳብ ትምህርት አለ፤ እኛ የምናየው በዓልና ጾም ለማወቅ ብቻ ነው። ማካፈልና ቀሪ ለሚማር ልጅ ባሕረ ሐሳብን፣ ማለትም የዘመን አቆጣጠራችንን ስሌት፣ የሚያህል መልመጃ አላየሁም። 2018ን እንያዝ። ከዓለም ፍጥረት እስከ ክርስቶስ ልደት ተብሎ የሚቆጠረው 5500 ሲደመርበት 7518 ይሆናል። ለ4 ሲካፈል 1879 ደርሶ 2 ይቀራል፤ 1 ከቀረ ማቴዎስ፣ 2 ማርቆስ፣ 3 ሉቃስ፣ ምንም ካልቀረ ዮሐንስ ነውና ዘመኑ ዘመነ ማርቆስ ነው። አሁን 7518 እና 1879 ይደመሩ፤ 9397። ለ7 ሲካፈል 3 ይቀራል። 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ። የ2018 መስከረም 1 ሐሙስ ዋለ። ልጁ መልሱን የሚያረጋግጠው ግድግዳውን ቀና ብሎ በማየት ነው፤ አስተማሪም የመልስ ቁልፍም አያስፈልገውም። ጳጉሜን በዘመነ ሉቃስ ስድስት ቀን እንደምትሆን፣ ቀጥሎ የሚመጣው እንቁጣጣሽም በፈረንጆቹ መስከረም 12 እንደሚውል ሲደርስበት፣ ሁለት የተለያዩ ሥልጣኔዎች አንዱን የፀሐይ ዑደት እንዴት ለየብቻ እንደቆጠሩት እያየ ነው። ታሪክና ሥነ ፈለክ አብረው ገቡ።

ቡናውም እንዲሁ ነው። ጥሬውን ከመቁላቱ በፊትና በኋላ የመዘነ ልጅ ክብደቱ መቀነሱን ያያል፤ የቀነሰው ከመቶ ስንት እንደሆነ ያሰላል፤ የጎደለው የት ሄደ ብሎ ይጠይቃል። አብዛኛው ውሃ ነበር። ከረጢቱ ላይ ጅማ ወይም ሲዳማ የሚል ከተጻፈ ካርታው እንደገና ይከፈታል።

ዕቁብ ላይ ጥቂት ልቆይ። አሥራ ሁለት ሰዎች በየወሩ 300 ዶላር ቢጥሉ ዕጣው 3,600 ነው። ሁሉም የጣሉትን ያህል ያገኛሉ፤ ታዲያ መጀመሪያ የወጣለትና መጨረሻ የወጣለት እኩል ናቸው? የመጀመሪያው ያለ ወለድ ተበደረ፣ የመጨረሻው ያለ ወለድ ቆጠበ። ለዚህም ነው ዕቁብ ዳኛ፣ ጸሐፊና ዋስ የሚኖረው። ይህንን ከአባቱ ጋር ቁጭ ብሎ ያሰላ የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ስለ ብድር፣ ስለ መተማመንና ሰዎች ራሳቸውን በደንብ ስለሚያስተዳድሩበት መንገድ የሚያውቀው ከምዕራፍ ንባብ አይገኝም።

ታዲያ ልጅ ወጥ ቤት መዋሉ ብቻ ይበቃል ማለቴ አይደለም። ዕድሜዋን ሁሉ ሊጥ ያቦካች፣ ግን ማንም ጠይቋት የማያውቅ ልጅ ያገኘችው ሙያ ነው፤ ሙያ ክቡር ነው፤ የሳይንስ ትምህርት ግን አይደለም። ሥራውን ትምህርት የሚያደርገው ሦስት ነገር ነው፦ ልጁ ይለካል፣ ይጽፋል፣ «ለምን» ለሚለው መልስ ይፈልጋል። ትልቁ ሰው ደግሞ ሥራው እየዘገየ መሆኑን ችሎ ይጠብቃል። ከባዱ ይህ የመጨረሻው ነው። እንግዳ እየመጣ፣ ወጡ እየቆየ፣ ልጅ ሽንኩርቱን እስኪመዝን መታገሥ ቀላል አይደለም።

ሁሉም ነገር በቤት ሥራ ውስጥ ተደብቆ ይገኛል የሚሉትንም አላምናቸውም። ንባብ በየቀኑ መቀመጥ ይፈልጋል። ፊደልን ከሀ እስከ ፐ በየኔታ ፊት እየደጋገሙ የተማሩ አያቶቻችን ይህንን ያውቁ ነበር። የማባዣ ሠንጠረዥም በዕቁብ አይሸመደድም። አልጀብራ አንዱ በሌላው ላይ እየተደራረበ የሚሄድ ትምህርት ስለሆነ መጽሐፍና ተራ ያስፈልገዋል። በእኔ ቤት ጠዋት የመጽሐፍ ነው፤ ከሰዓት በኋላ ያለው ጊዜ ደግሞ ጠዋት የተማርነው የሚፈተንበት።

ሁለት ፈረቃ የሚሠራ፣ ሌሊት ታክሲ የሚነዳ ወይም ሆስፒታል የሚያድር ወላጅ ልጁን ቤት ማስተማር እንደማይችል አውቃለሁ፤ እንዲሞክርም አልመክረውም። ነገር ግን ከላይ የጠቀስኩት አንዱም ልጅን ከትምህርት ቤት ማስወጣትን አይጠይቅም። ቅዳሜ ሊጥ የሚቦካበት፣ እሑድ ቡና የሚፈላበት ቤት ሁሉ ይችለዋል። የሚያስፈልገው አንድ የወጥ ቤት ሚዛን፣ አንድ ማስመሪያና ባዶ ደብተር ነው። ደብተሩን ልጁ ይያዘው፤ ጥያቄውንም እርሱ ይጀምር።