እርማት፦ አታችመንት አለመክፈት ብቻውን አያድንም

ወንድሜ፣ «አታችመንት ካልከፈታችሁ ኢሜይል ምንም አያደርጋችሁም፤ የትኛውንም ፕሮግራም ብንጭን ያው ነው» ያልከው ብዙ ሰው የሚያምነው ነገር ቢሆንም ስህተት ነው። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣው ባብልቦይ የተባለው ትል (ራሱን በኢሜይል የሚያሰራጭ ጎጂ ፕሮግራም) አታችመንት አልነበረውም፤ በማይክሮሶፍት የኢሜይል ፕሮግራም በአውትሉክ ኤክስፕረስ መልእክቱ በቅድመ እይታ ሲታይ ብቻ ይነሳ ነበር።

ማይክሮሶፍት በማርች 2023 የደፈነው የአውትሉክ (ሌላው የኢሜይል ፕሮግራሙ) የደህንነት ቀዳዳ ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። አጥቂው የቀጠሮ ማስታወሻ ይልካል፤ የደወሉ ድምፅ ያለበት አድራሻ ግን የራሱ ሰርቨር ነው። አውትሉክ ድምፁን ፍለጋ ማንንም ሳይጠይቅ ወደዚያ ይሄድና የሠራተኛውን የይለፍ ቃል ሃሽ (ከይለፍ ቃሉ የተሰላ ኮድ) ያስረክባል። ሠራተኛው መልእክቱን ጭራሽ ላያየው ይችላል! ተጋላጩ ዊንዶውስ ላይ የሚጫነው አውትሉክ ብቻ ነበር፤ በብሮውዘር፣ በማክና በስልክ የሚከፈቱት አልተነኩም። የፕሮግራም ምርጫ ለውጥ ያመጣል የምለው ለዚህ ነው።

እባክህ ዛሬውኑ እያንዳንዱ ኮምፒውተር ላይ ያለውን የአውትሉክ ቨርዥን አይተህ ያልታደሰውን አድስ። ፋየርዎሉ (የኔትወርኩን መግቢያና መውጫ የሚቆጣጠረው) ላይም ወደ ውጭ የሚወጣውን ቲሲፒ ፖርት 445 ዝጋው፤ ያ ሃሽ የሚወጣው በዚያ በር ነው። ሌላ ፕሮግራም ካሰብክ ተንደርበርድን ሞክረው፤ ከሩቅ ሰርቨር የሚመጣ ምስል ካልፈቀድክለት አይጭንም። እሱም ቢሆን አፕዴት ይፈልጋል።