ደግሞ ሌላ ሲስተም? ኧረ በአርባ አራቱ ታቦት!

እናንተዬ ደግሞ ሌላ ሲስተም ሊያመጡብን ነው። ከዋናው መሥሪያ ቤት ኢሜይል መጣ፣ ገና "ውድ ባልደረቦች" ብሎ ሲጀምር ነው የገባኝ፣ ምክንያቱም ውድ የምንሆነው አበል ሲቀነስ ወይ ሲስተም ሲቀየር ብቻ ነው። አሁን ዶክመንት የምንጽፍበትና የምንጋራበት ይዘጋል፣ አዲሱ "ዘመናዊና ቀልጣፋ" ነው፣ ስልጠና ይሰጣል፣ የድሮውን ዶክመንት ደግሞ እያንዳንዱ ሠራተኛ በራሱ ኃላፊነት አውርዶ ያስቀምጥ። በራሱ ኃላፊነት! እኔ ነኝ እንዴ ሲስተሙን የመረጥኩት? እኔ ነኝ ውሉን የፈረምኩት? የመሥሪያ ቤቱንም የሲስተሙንም ስም አልጠራም፣ እንጀራዬ ነው። ጎንደር ውስጥ ቢሮ የምትሠሩ ግን ሳልጠራውም ይገባችኋል፣ የሁላችንም ጣጣ አንድ ነው።

ስልጠናውን መቼም ታውቁታላችሁ። ሆቴል አዳራሽ፣ የታሸገ ውሃ፣ ፕሮጀክተር፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ጎበዝ ልጅ። ልጁ ክሊክ ባደረገ ቁጥር ሁሉ ነገር ይሠራል፣ የሆቴሉ ዋይፋይም ለዚያች ቀን ጨዋ ይሆናል። "ሁሉም ሰው አንድ ዶክመንት ላይ በአንድ ጊዜ መሥራት ይችላል" ይለናል። ጎሽ። ከኋላ የተቀመጡ አንድ ጋሼ እጃቸውን አወጡና "መብራት ሲጠፋስ ልጄ?" አሉ። አዳራሹ በሳቅ አለቀ፣ ልጁም ሳቀ፣ ከዚያ ወደሚቀጥለው ስላይድ ሄደ። መልስ የለም! እኔን እስካሁን የሚያበሽቀኝ ያ ሳቅ ነው፣ ምክንያቱም የዚያን ቀን ከተጠየቀው ሁሉ ቁም ነገር ያለው እሱ ብቻ ነበር።

እኛ ጋ ምን እንደሚመስል ልንገራችሁ፣ አዲስ አበባ ላላችሁ። መብራት ይሄዳል፣ መብራት ሲሄድ ዋይፋዩ ይሄዳል፣ ጄኔሬተሩ ነዳጅ የለውም ወይ ነዳጁ አለ ሰውዬው የለም፣ ላፕቶፑ ባትሪ አለው፣ ሰውም አለ፣ ሥራም አለ፣ ግን ፋይሉ የለም። የት ነው? ክላውድ ላይ ነው፣ ደመናው ላይ፣ ኢንተርኔት ከሌለ የማይደረስበት ሩቅ ሰርቨር ላይ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ የተባለው ለካ ለዚህ ነው። በእኛ 2015 መጨረሻ ላይ ሞባይል ዳታ ተዘግቶ ለወራት የከረምንበትንማ አታስታውሱኝ፣ የወረዳ ሪፖርት በፍላሽ በሰው ኪስ በሚኒባስ ነበር የሚመጣው፣ ከአይከልም ከአምባ ጊዮርጊስም። ከዋናው ቢሮ ደግሞ "ሲስተሙ ላይ አላያችሁትም ወይ" እያሉ ይደውላሉ። በምን ልየው?

እና የሚገርማችሁ፣ የጋሼን ጥያቄ የዛሬ 35 ዓመት ገደማ መልሰውት ነበር እኮ። በጣም በሚያምር መንገድ መልሰውት ነበር። ነገሩን ያገኘሁት ንዴቴን ለማብረድ "እንዲህ ዓይነት ሶፍትዌሮች ለምንድነው ቶሎ ቶሎ የሚሞቱት" እያልኩ ስጎረጉር ነው፣ ሎተስ ኖትስ የሚባል የድሮ የቢሮ ሶፍትዌር ላይ ስደርስ ቆምኩ። ልጆች አታውቁትም፣ ድሮ ትላልቅ የውጭ ድርጅቶች ውስጥ የሠራችሁ ግን ስሙን ስትሰሙ ትንሽ ያማችኋል ይባላል፣ ወደሱ እመጣለሁ።

ሎተስ የሚባለውን ኩባንያ በፈረንጆቹ 1982 አሜሪካ ማሳቹሴትስ ውስጥ ያቋቋሙት ሚች ኬፖርና ጆናታን ሳክስ ናቸው (የሶፍትዌሮቹን ዓመት ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳትደናገሩ)። መጀመሪያ ስም ያወጡት 1-2-3 በሚባል የሂሳብ ሠንጠረዥ ነው፣ ኤክሴል ሳይነግሥ በፊት ንጉሡ እሱ ነበር። በ1983 ሲወጣ በመጀመሪያው ዓመት 1 ሚሊዮን ዶላር ቢገኝ ብለው ያሰቡ ሰዎች 53 ሚሊዮን ዛቁ። እሱን እንለፈው። ኖትስን የሠራው ሬይ ኦዚ የሚባል ሰው ነው። ይሄ ሰው ተማሪ እያለ ኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ፕሌቶ የሚባል ሲስተም ነበር፣ ተማሪና አስተማሪ ጽሑፍ እየለጠፉ የሚመላለሱበት፣ በ70ዎቹ! እሱን ለቢሮ ባደርገውስ ብሎ በ1984 አይሪስ አሶሺየትስ የሚባል ድርጅት ከፈተ፣ ገንዘቡን ሎተስ ሰጠው፣ ዓመታት ፈጅቶ ዲሴምበር 1989 ላይ ኖትስ ለገበያ ወጣ። ገና ሳይወጣ ፕራይስ ዋተርሃውስ፣ ያ የኦዲት ድርጅት፣ 10,000 ኮፒ ገዝቶ ነበር። አይገርምም፣ ኦዲተር ማለት የሰው ቢሮ እየዞረ የሚሠራ ሰው ነው፣ የራሱ ጠረጴዛ ላይ ተሰክቶ የሚውል አይደለም።

አሁን ዋናውን ስሙኝ። በዚያ ጊዜ ኢንተርኔት ዛሬ እንደምናውቀው አልነበረም፣ ሰው ከቢሮው ሰርቨር ጋር የሚገናኘው በስልክ መስመር በሞደም ነው፣ ቀርፋፋ፣ ደቂቃው ብር የሚቆጥር። ስለዚህ ኖትስን የሠሩት ሰዎች መስመር ይቆራረጣል ብለው ነው የጀመሩት። ዳታቤዙ ሰርቨር ላይ አለ፣ የሱ ሙሉ ቅጂ ደግሞ አንተ ላፕቶፕ ላይ አለ። መስመር የለም? ችግር የለም፣ ጻፍ፣ አንብብ፣ ፎርም ሙላ፣ መልስ ስጥ፣ ኢሜይልህንም ጽፈህ አስቀምጥ። መስመር ስታገኝ ሁለቱ ቅጂዎች ይተያዩና የተለወጠውን ብቻ ይለዋወጣሉ፣ ያለቀው ሥራ ይሄዳል፣ አዲሱ ይመጣል። ሪፕሊኬሽን ነው የሚሉት። በቃ! ለደምቢያ፣ ለጭልጋ፣ ለወገራ የተሠራ ነው የሚመስለው። የወረዳው ልጅ ቀኑን ሙሉ ቆላ ድባ ላይ ያለ ኔትወርክ ይሠራና ማታ መስመር ስትመጣለት ልኮ ይተኛል።

ሌላም አለ። ሁለት ሰዎች መስመር ሳይኖር አንዱን ዶክመንት ለየብቻ ቢነካኩትስ? ኖትስ አንዱን በሌላው ላይ ደፍቶ ዝም አይልም፣ ሁለቱንም ያስቀምጥና "እዚህ ጋ ግጭት አለ፣ እናንተው ዳኙት" ብሎ ምልክት ያደርግበታል። ይሄን ሳነብ ስልኩን ልወረውረው ምንም አልቀረኝም። እኛ ጋ ያለው ሲስተም ኔትወርክ መጥታ ሄዳ ስትመለስ የኔን የሩብ ዓመት ሪፖርት በጓደኛዬ ባዶ ሠንጠረዥ ደፍቶት "ሴቭድ" ብሎ አረንጓዴ ምልክት ነው ያሳየኝ። አረንጓዴ! ሄልፕ ዴስክ ስደውል "ኮኔክሽናችሁ ነው" አለችኝ። ኮኔክሽናችንማ መሆኑን እናውቃለን እህቴ፣ እሱን ታሳቢ አድርጎ የሚሠራ ነው የጠፋው።

ኖትስን መልአክ ላደርገው አይደለም። ተጠቃሚው ይራገመው ነበር። ኢሜይሉ ቀፋፊ ነበር፣ ሁሉ ነገር በራሱ መንገድ ካልሆነ አይልም፣ ሌላው ፕሮግራም ላይ ገጹን የሚያድሰው ኤፍ 5 ኖትስ ላይ ከነሥራህ ይቆልፍህና ፓስወርድ ይጠይቅህ ነበር፣ የመለያ ፋይልህ ከጠፋብህ ደግሞ አለቀልህ። ለዚህ ነው ስሙን ሲሰሙ የሚያማቸው ያልኳችሁ። እኔ ግን አስቀያሚ ሆኖ ሥራዬን የሚጠብቅልኝን እመርጣለሁ፣ ቆንጆውን አይተነዋል።

ከዚያ የገንዘቡ ጨዋታ መጣ። 1-2-3 ለዊንዶውስ ቶሎ አልደረሰም፣ ኦኤስ 2 በሚባለው የዊንዶውስ ተፎካካሪ ላይ ተወራርደው ነበርና ኤክሴል ቀደማቸው፣ ኩባንያው በኖትስ ላይ ተንጠለጠለ። ጁን 1995 ላይ አይቢኤም ሳይጠየቅ መጥቶ "ልግዛችሁ" አለ፣ የሎተስ ኃላፊ ጂም ማንዚ ቢያንገራግርም በሳምንት ውስጥ በ3.5 ቢሊዮን ዶላር አለቀ። ቢሊዮን ነው ያልኩት። በ1996 የኖትስን ሰርቨር ዶሚኖ አሉት። እያለ እያለ ኢሜይሉም ስብሰባውም ወደ ብራውዘር ሄደ፣ ሌሎቹ በርካሽ ያንኑ ሰጡ፣ በ2013 ኖትስ 9 ሲወጣ ሎተስ የሚለው ስም ተነሥቶ አይቢኤም ኖትስ ሆነ። በዚያው ዓመት እነ 1-2-3ን መሸጥ አቆሙ፣ ድጋፉም ሴፕቴምበር 2014 ላይ አበቃ። ከዚያ አይቢኤም ራሱ ሰለቸውና ኖትስንና ዶሚኖን ከሌሎች ሶፍትዌሮቹ ጋር ጠቅልሎ ለህንዱ ኤችሲኤል በ1.8 ቢሊዮን ዶላር ሸጠ፣ በ2018 ተስማሙ፣ በ2019 ተረካከቡ።

ታዲያ ይሄን ሁሉ ለምን እለፈልፋለሁ? ባለቤት ተቀየረ፣ ስም ተቀየረ፣ ብራንዱ ተቀበረ፣ ግን በ90ዎቹ የተሠራ የኖትስ ዳታቤዝ ዛሬ በኤችሲኤል ኖትስ ይከፈታል። በዚያ ዘመን የተሞላ የፈቃድ ፎርም፣ የማን እንደሆነ፣ ማን እንዳጸደቀው፣ ሁሉም እዚያው ተቀምጧል። ብዙ ድርጅት እየጠላውም ከኖትስ መውጣት ያቃተው አንዱ ለዚህ ነው፣ ሥራው በሙሉ እዚያ ውስጥ ነበራ። የኛዎቹስ? ስሙም ይቀየራል፣ ዶክመንቱም ይሄዳል። ከዚህኛው በፊት የነበረው ሲስተም ላይ የጻፍነው ሁሉ የት ነው ያለው ብላችሁ ጠይቁኝ። የትም። ኮንትራቱ አለቀ፣ ሊንኩ አይከፍትም፣ የዚያ ዘመን ኃላፊ ለቋል። ባለፈው ኦዲት መጥቶ የዚያን ጊዜ የግዥ ቃለ ጉባኤ ሲጠይቅ ቢሮው ውስጥ ማን ያወጣው መሰላችሁ? የመዝገብ ቤቷ እትየ። የአቧራ ሽታ ካለው ማኅደር ውስጥ፣ ማኅተሙ እንዳለ። ከሲስተሙ አትመን ስንሰጣቸው እየተነጫነጩ ያስቀመጧት ኮፒ ናት፣ እኛ ደግሞ ያኔ "ኧረ እትየ፣ ወረቀት ቀርቷል" እንላቸው ነበር።

የነ ጎግልም የነ ማይክሮሶፍትም ታሪክ ያው ነው። ጎግል ዌቭ የሚባለው አብሮ መጻፊያ በ2009 ዓለምን ይቀይራል ተብሎ ተዋወቀ፣ በ2010 ሥራው መቆሙ ተነገረ። ሂፕቻት የሚባለው የቢሮ መወያያ በፌብሩዋሪ 2019 ተዘጋ። ስካይፕ ፎር ቢዝነስ የሚባለው ቀድሞ ስሙ ሊንክ (Lync) ነበር፣ ከዚያ በፊት ኮሚዩኒኬተር፣ ኦንላይኑ በጁላይ 2021 አበቃ፣ ራሱ ስካይፕም በሜይ 2025 ተከተለው። ሀብታሞቹ አገሮች ሲስተም ሲዘጋባቸው ዶክመንት የሚያሻግር ድርጅት ይቀጥራሉ፣ ባጀት ይይዛሉ። እኛ ጋ "በራሱ ኃላፊነት" የሚል ኢሜይል ይላካል።

እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ደግሞ ሥራው የሚሠራው ቴሌግራም ላይ ነው። ኃላፊውም ያውቃል፣ ዋናው ቢሮም ያውቃል፣ አዲሱን ሲስተም የሚገዛው ኮሚቴ ራሱ የቴሌግራም ግሩፕ አለው። የወረዳው ልጅ ፎርሙን በእስክሪብቶ ይሞላል፣ ፎቶ ያነሣል፣ ይልካል፣ እኔ ከፎቶው እያየሁ ሲስተሙ ላይ እጽፋለሁ፣ ከሲስተሙ አትሜ ለፊርማ እወስዳለሁ፣ የተፈረመውን ስካን አድርጌ መልሼ ሲስተሙ ላይ እጭናለሁ። ወረቀት አልባ ቢሮ ይሉታል። ለዚህ ነው በዶላር የሚከፈለው?

አልቀይር ብዬ ድርቅ ያልኩ አይምሰላችሁ። ቀይሩ። ግን ስትገዙ ሦስት ነገር ጠይቁልን፣ መስመር ሲጠፋ ይሠራል ወይ፣ ሲዘጋ ዶክመንታችንን ሌላ ቦታ በሚከፈት መልክ ይሰጠናል ወይ፣ አማርኛውን ሳያበላሽ ይሰጠናል ወይ። አዎ አማርኛውን! የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ፣ ኮምፒውተሮች ሁሉ በሚጋሩት የፊደላት መለያ ውስጥ ማለት ነው፣ የገባው በ1999 ነው፣ ዛሬም ግን አንዳንድ ሲስተም አማርኛ ሲያይ ይደነብራል።

እሱን ካነሣሁ ላይቀር ልጠይቃችሁ። የድሮውን ዶክመንት ማውረድ ጀምሬያለሁ፣ ዚፕ ሆኖ ነው የሚወርደው። ስፈታው በአማርኛ የሰየምናቸው ፋይሎች ስማቸው በሙሉ የጥያቄ ምልክትና ዥጉርጉር ነገር ሆኖ ይወጣል፣ ውስጡ ደህና ነው ግን የቱ የየትኛው ወረዳ እንደሆነ ለማወቅ እያንዳንዱን መክፈት ሊኖርብኝ ነው። ስሙን ሳያበላሽ የሚፈታ ፕሮግራም የምታውቁ አይቲዎች በእናታችሁ ኢንቦክስ አድርጉልኝ፣ የሚዘጋው በወሩ መጨረሻ ነው። ፒያሳ አካባቢ የምትሠሩ ከሆነ ላፕቶፑን ይዤ ያላችሁበት እመጣለሁ፣ ቡናው በኔ ነው።