የሱን ዙ ድል ስንት ዓመት ቆየ?

ባለፈው ሳምንት የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ አንድ መጽሐፍ አዟሪ መጣ። ክምሩ እስከ አገጩ ደርሷል። ከላይ ያለችውን ቀጭን መጽሐፍ አንስቶ «ጋሼ፣ ይቺን ካነበቡ አለቃዎ እንኳ አይችልዎትም» አለኝ። የጥንቱ ቻይናዊ የጦር ሰው የሱን ዙ የጦርነት መጽሐፍ ናት። ሳቅ ብዬ አለፍኩት። ቤት ሁለት ቅጂ አለኝ፤ አንዱን በስጦታ ያመጣልኝ ሰውም የነገረኝ ያንኑ ነበር።

ሱን ዙ ዛሬ የጦር ሰው ብቻ አይደለም። የቢዝነስ አሠልጣኝ ሆኗል፣ የፍቅር አማካሪ ሆኗል። «ጠላትህንም ራስህንም ካወቅህ…» የምትለዋ ጥቅስ ቴሌግራም ላይ ያልደረሰችው ሰው ያለ አይመስለኝም። ከመጽሐፉ ጋር ጠብ የለኝም። ጥሩ መጽሐፍ ነው። ቅር የሚለኝ እንደ ብልጠት መማሪያ መሸጡ ነው። ሁለተኛውን ምዕራፍ ከፍታችሁ እዩ፤ የወጪ ደረሰኝ ነው የሚመስለው። 1,000 ፈጣን ሠረገላ፣ 1,000 የጭነት ሠረገላ፣ 100,000 ወታደር ለማሰለፍ በቀን 1,000 ወርቅ ይወጣል ይላል። ለሠረገላው ሙጫና ቀለም የሚወጣውን ሳይቀር ይቆጥራል። ጦር የሰፈረበት አካባቢ ገበያው ይወደዳል፣ ሕዝቡም ይራቆታል ይላል። ከተራዘመ ጦርነት የተጠቀመ አገር የለም ብሎም ይደመድማል። ይህን ክፍል ግን በጠዋት የሚልክልኝ ሰው አላገኘሁም።

እኔ ደግሞ ሌላ ነገር አለኝ። ሰውዬውን ተካፈለበት በሚባለው ጦርነት እንመዝነው።

ከክርስቶስ ልደት በፊት 506 ነው። በምሥራቅ ያለችው የዉ መንግሥት በምዕራብ ጎረቤቷ ያለችውን ግዙፏን ቹን ወረረች። ከ400 ዓመት በኋላ የጻፈው ታሪክ ጸሐፊው ሲማ ቺየን፣ ሱን ዙ በዚያ ዘመቻ ከዉ አዛዦች አንዱ ነበር ይላል። በነገራችን ላይ ዘመቻውን በዝርዝር የሚተርከው የቆየው ዜና መዋዕል ስሙን አንዴም አያነሳም። እሱን ለባለሙያዎች እንተወውና፣ ዉ አሸነፈች። ቦጁ በተባለ ቦታ የቹን ጦር ሰበረች፣ እየተከታተለች እየመታች ዋና ከተማዋ ዪንግ ገባች። ዘመቻው መጽሐፉ እንደሚመክረው ፈጣን ነበር።

ከዚያስ? የዉ መኳንንት የቹን ቤተ መንግሥትና ቤቶች በማዕረግ ተከፋፈሉ። የንጉሡ ልጅ የያዘውን ቤት የንጉሡ ወንድም ስለፈለገው ሁለቱ ሊዋጉ ምንም አልቀራቸውም። ይኸው ወንድም ብዙም ሳይቆይ ወደ አገሩ ሮጦ «ንጉሥ እኔ ነኝ» አለ። ዉ ዝሹ የሚባለው መካሪያቸው ደግሞ አባቱንና ወንድሙን ያስገደለው የቹ ንጉሥ ቀድሞ ስለሞተበት፣ ሲማ ቺየን እንደሚለው መቃብሩን አስከፍቶ አስከሬኑን 300 ጊዜ ገረፈ። ጠላትን ማወቅ እንግዲህ እዚህ ድረስ ነው።

ከቹ ሹማምንት አንዱ ሸን ባውሹ ርዳታ ፍለጋ ወደ ቺን መንግሥት ሄደ። የቺን መስፍን «እናስብበት» አለው። ሸን ባውሹ ግቢው ውስጥ ግድግዳ ተደግፎ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አለቀሰ። ውኃ እንኳ አልቀመሰም። በስተመጨረሻ መስፍኑ መልሱን በግጥም ሰጠው፤ «ልብስ የለኝም ለምን ትላለህ? ካባዬን ከአንተ ጋር እጋራለሁ» የሚል አሮጌ የወታደር ዘፈን ነው። ሸን ባውሹ ዘጠኝ ጊዜ ሰገደ። 500 ሠረገላ ተላከ። የጦር ስምምነት በግጥም ተፈረመ ማለት ነው። የጥንቷ ቻይና ጥበብ ለብቻ፣ ጦርነቷ ለብቻ ሲወራ የማይገባኝ ለዚህ ነው።

የእኔ ጀግና ግን ቺንም አይደለችም። ሱይ የምትባል ሚጢጢ አገር ናት።

የሸሸው የቹ ንጉሥ ጃው የተጠጋው ሱይ ነው። የዉ ጦር ደጇ ድረስ መጥቶ «አስረክቡን» አለ። ንጉሡን በመልክ የሚመስል ወንድም ነበረው፤ «እኔን ስጧቸው» ብሎ የንጉሡን ቦታ ሊይዝ ተዘጋጀ። የሱይ ሰዎች ግን ጥንቆላ አስጣሉ፣ ምልክቱ መጥፎ ሆነ። ለዉ የላኩት መልስ ባጭሩ ይህን ይመስላል፦ እኛ ትንሽ ነን፣ ለቹ ቅርብ ነን፣ እስከ ዛሬ ያኖረችን ቹ ናት፣ በትውልድ መሐላ አለን። በችግሯ ቀን ከከዳናት እናንተስ በምን ታምኑናላችሁ? ዉ ሰምታ ተመለሰች። ይቺን መልስ ነበር ቴሌግራም ላይ መለጠፍ።

በዓመቱ የቺንና የቹ ጦር ዉን አስወጣ። ዉ ራሷ በ473 በዩዌ መንግሥት ተደመሰሰች። ከዪንግ ድል 33 ዓመት በኋላ መሆኑ ነው። የዉ የመጨረሻው ንጉሥ ፉቻይ ራሱን አጠፋ። የሚገርመው፣ ስሙ የተቀረጸበት የነሐስ ጦር እ.ኤ.አ. በ1983 ከመቃብር ወጣ፤ የተገኘው ግን በዉ መሬት አይደለም። አባቱ ድል ባደረጋት በጥንቷ የቹ ከተማ አካባቢ ነው። ዉን ያጠፋው የዩዌ ንጉሥ የጎውጂየን ሰይፍም በ1965 እዚያው አካባቢ ከአንድ የቹ መቃብር ነው የወጣው። 55.7 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አለው፣ ስለቱ ዛሬም አልደነዘዘም። የሁለት አሸናፊዎች መሣሪያ በተሸናፊዋ አፈር ውስጥ ተገኘ። አሁን ዉሃን ከተማ ባለው የሁቤይ ግዛት ሙዚየም ተቀምጠዋል።

እዚያው ሙዚየም ደወሎቹ አሉ።

በ1977 ሱይጆው ከተማ አጠገብ ወታደሮች ለግንባታ ኮረብታ በፈንጂ ሲያፈርሱ አፈሩ ተለየባቸው። በቀጣዩ ዓመት ሲቆፈር ከክርስቶስ ልደት በፊት በ433 ገደማ የተቀበረው የዜንግ መስፍን ዪ ተገኘ። በመጻሕፍት ሱይ የምትባለው አገርና በነሐስ ላይ ዜንግ የምትባለው አንድ መሆናቸው ብዙ ካከራከረ በኋላ አሁን በሰፊው ተቀባይነት አግኝቷል። በ2009 ከዚያው ከተማ የወጣ የሌላ የዜንግ መስፍን ደወል ላይ ዉ በብዛቷ ተመክታ ቹን እንዳመሰች፣ የዜንግ መስፍንም የቹን ንጉሥ መልሶ እንዳጸና ተቀርጿል። ዜናው የተጻፈው ሙዚቃ ላይ ነው!

የመስፍን ዪ ደወሎች 65 ናቸው። ትልቁ 203 ኪሎ ያልፋል፣ ትንሹ 2.4 ኪሎ ነው። ሦስት ደርብ ባለው መስቀያ ላይ ተሰቅለው ነው የተገኙት። የደወሉ አፍ ክብ አይደለም፤ ከሁለት ጎኑ ሾጠጥ ያለ ነው። በዚህ ምክንያት አንዱ ደወል ሁለት ድምፅ ይሰጣል፤ ፊት ለፊት መሐሉን ስትመታው አንድ፣ ወደ ጎን ስትመታው ሌላ። የት ብትመታ ምን ድምፅ እንደሚወጣ እዚያው በነሐሱ ላይ ተጽፏል። አንዱ አገር ይህን ድምፅ ምን ይለዋል፣ ቹ ምን ትለዋለች የሚል ማዛመጃም አለው። ጽሑፉ በድምሩ ወደ 2,800 ፊደል ይጠጋል። በዚያ የእርስ በርስ እልቂት ዘመን የዜንግ ሰው ቁጭ ብሎ የጎረቤቶቹን ዜማ ከራሱ ጋር ያስተያይ ነበር። በረድፍ የተሰቀሉ የድንጋይ ደወሎችም አብረው ተገኝተዋል፤ በገዳሞቻችን የድንጋይ ደወል ሲመታ የሰማ ሰው ድምፁን መገመት አይከብደውም።

መስቀያውን በጭንቅላታቸውና በእጃቸው የተሸከሙት የነሐስ ሰዎች ናቸው። ወገባቸውን ብታዩ ሰይፍ ታጥቀዋል።

ከታችኛው ረድፍ መሐል የተሰቀለው ደወል ከሌሎቹ ይለያል። ቅርጹ ሌላ ነው፣ በዜማው ቅደም ተከተል ውስጥም አይገባም። የቹ ንጉሥ ሁዊ በነገሠ በ56ኛ ዓመቱ ለመስፍን ዪ ያሠራው መሆኑ ተጽፎበታል። ሁዊ የዚያ የስደተኛው የንጉሥ ጃው ልጅ ነው። ብዙ አጥኚዎች የአባቱን ውለታ እየመለሰ ነው ይላሉ። እኔም አምናለሁ። 73 ዓመት የቆየ ውለታ! ከዉ ድል ዕጥፍ በላይ ዕድሜ አለው።

ለሱይ እያጨበጨብኩ ልጨርስ ነበር። ግን መቃብሩ አራት ክፍል አለው። በመሐለኛው ደወሎቹ፣ በሰሜኑ ከ4,500 በላይ የጦር መሣሪያ። በምሥራቁ መስፍኑ ከስምንት የሴት ሬሳ ሣጥንና ከአንድ የውሻ ሣጥን ጋር ተኝቷል። በምዕራቡ ሌሎች 13 ሴቶች አሉ። ሁሉም ከ13 እስከ 25 ዓመት አካባቢ የሚሆኑ ወጣቶች ናቸው። ዘፋኞቹና ተወዛዋዦቹ ሳይሆኑ አይቀሩም። መሐላዋን ያላጠፈችው፣ የጎረቤት ዜማ የምትመዘግበው አገር እነዚህን ልጆች ከጌታቸው ጋር ቀብራለች። የነሐሱን ጥራት ሳደንቅ ይህን መዝለል አልቻልኩም፤ ሙዚየም የሚሄድ ሰውም ባይዘልል ደስ ይለኛል።

ከደወሎቹ ጋር ስድስት የእንጨት መዶሻና ለትልልቆቹ ደወሎች ሁለት ረጅም መምቻ ተገኝቷል። በክፍሎቹ ግድግዳ ግርጌ ደግሞ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚያሳልፍ ትንሽ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ተበጅቷል።