ቧንቧችንን የሚፈጀው ፈረቃውና ውርጩ ነው

ደብረ ብርሃን ውስጥ ስለ ውሃ የሚነሳ ጨዋታ መጨረሻው አንድ ነው። «እናንተ ሰፈር መጣች?» «ትናንት ሌሊት ትንሽ ጠብ ብላ ሄደች።» ቅሬታው እውነት አለው። ከተማዋ በአጭር ጊዜ ፋብሪካ በፋብሪካ ላይ፣ ሰፈር በሰፈር ላይ ሲደረብባት የውሃ መስመሩ እኩል አልሮጠም። ይህን ብዙ ሰው ጽፎታል፤ ወደፊትም ይጻፍ። እኔ ማንሳት የፈለግሁት ከቆጣሪው ወዲህ ያለውን ነው። በስንት ጥበቃ የመጣ ውሃ ግቢያችን ከገባ በኋላ ምን ይሆናል? ቤታችንን የምንሠራውም የምንይዘውም ውሃ ሃያ አራት ሰዓት የሚፈስበት፣ ውርጭ የማያውቅ ከተማ ውስጥ እንዳለ አድርገን ነው። ለጥገና የምናወጣው ገንዘብ አብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ይመስለኛል።

ቧንቧ የሚያረጀው በአገልግሎት ብዛት ይመስለናል። በፈረቃ በሚኖር ቤት ግን ከአገልግሎቱ ይልቅ የውሃው መሄድና መምጣት ይጎዳዋል። ውሃው ሲሄድ ቱቦው አየር ይሞላል። ሲመለስ አየሩን እየገፋ ይመጣል። አየሩ ባገኘው ቀዳዳ ሽው ብሎ ሲያመልጥ ከኋላው የተከተለው ውሃ መታጠፊያ ወይም የተዘጋ ቧንቧ ላይ በሙሉ ኃይሉ ይላተማል። ሌሊት ግድግዳ ውስጥ «ድው» የሚለው ድምፅ እሱ ነው። ምቱ ሲደጋገም ቴፍሎኑ ይላላል፣ ጎሚኒው ይበላል፣ በጥድፊያ የተገጠመው መገጣጠሚያ ማላብ ይጀምራል። ከአየሩ ጋር ደግሞ መስመሩ ውስጥ ተኝቶ የከረመው ደለልና ዝገት ይመጣና የሻወሩን ቀዳዳዎች፣ የልብስ ማጠቢያ ማሽኑን ወንፊት፣ የሽንት ቤቱን ማጠራቀሚያ መክፈቻ ይደፍናል። ቆጣሪውም አየር ሲያልፍበት ይዞራል፤ ያልተጠቀምንበትን እንከፍላለን ማለት ነው።

መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፤ ልማድ ነው የሚጠይቀው። ውሃ ሲጠፋ ከቆጣሪው ቀጥሎ ያለውን የግቢውን ዋና መዝጊያ መዝጋት። ሲመለስ ደግሞ አስቀድሞ ዝቅ ብሎ የተተከለውን የግቢ ቧንቧ ከፍቶ፣ ዋናውን መዝጊያ ቀስ ብሎ በጥቂቱ ማዞር፤ አየሩና ድፍርሱ በግቢው ቧንቧ ይውጣ። ጠርቶ ሲወርድ ነው ወደ ሮቶውና ወደ ቤት የሚለቀቀው። የመጀመሪያውን ድፍርስ ውሃ በባልዲ ይዞ ለአትክልትም ለወለልም ማዋል ይቻላል፤ በእኛ አገር ውሃ ድፍርስም ቢሆን አይደፋም። እኛ የምናደርገው ግን ተቃራኒውን ነው። ውሃ ስትመጣ እንድንሰማት ብለን ቧንቧውን ከፍተን፣ ከሥሩ ጀሪካን ደቅነን እንተኛለን። ጀሪካኑ ሞልቶ፣ ሳሎኑ ረጥቦ፣ ምንጣፉ ተንሳፎ ያደረበት ቤት አንድ ሁለት አይደለም። ከቤት ወጥቶ የሚሄድ ሰውማ በደረቁ የከፈተውን ቧንቧ የሚያስታውሰው መንገድ ላይ ነው።

ይህ ሁሉ የሚሆነው ግን መዝጊያው የሚዘጋ ከሆነ ነው። ተገጥሞ ለዓመታት ሳይነካ የቆየ ጌት ቫልቭ ዝገቱ ይይዘዋል፤ ቱቦ በፈነዳበት ሰዓት ሊያዞሩት ሲሉ ወይ አይንቀሳቀስም፣ ወይ እጀታው እጅ ላይ ይቀራል። በወር አንዴ እስከ መጨረሻው ዘግቶ መክፈት ያለሰልሰዋል። የት እንዳለም ከአባወራው ሌላ ሰው ይወቀው። አባወራው ሥራ ላይ ሳለ ቤት ያሉት ልጆቹና ሠራተኛዋ ናቸው።

አሁን ወደ ውርጩ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ የመንዟ መሐል ሜዳ ደግሞ ከ3,000 ትበልጣለች። ከጥቅምት እስከ ጥር፣ ሰማዩ ጥርት ባለባቸው ሌሊቶች ሙቀቱ ከዜሮ በታች ይወርዳል። ባቄላውን የሚያጠቁረው ውርጭ ቧንቧውንም አይምርም። ውሃ ወደ በረዶ ሲለወጥ መጠኑ 9 በመቶ ያህል ይጨምራል፤ ማምለጫ ካጣ መገጣጠሚያውን ወይም የብረቱን ቧንቧ ይሰነጥቃል። ቀድሞ የሚጎዳው ከሮቶው ወደ ቤት የሚወርደው፣ በቆርቆሮ ጣሪያና በውጭ ግድግዳ ላይ ራቁቱን የተዘረጋው ቀጭን ቱቦ ነው። በዚያ ላይ ፒፒአር የምንለው የፕላስቲክ ቱቦ ብርድ ሲነካው ይደርቃል፤ ሙቀት ባለበት ሰዓት ብትመታው ምንም የማይለው ቱቦ በውርጭ ማለዳ መሰላል ቢደገፍበት ሊሰነጠቅ ይችላል። ቀን ደግሞ የደጋው ፀሐይ በተራው ያነጣዋል፣ ያሻክረዋል። ስለዚህ ውጭ ያለ ቱቦ መሸፈን አለበት። ለዚሁ የተሠራው የስፖንጅ እጅጌ ቢገኝ ጥሩ ነው፤ ካልተገኘ በአሮጌ ብርድ ልብስ ጠቅልሎ ዝናብ እንዳያርሰው ከላይ በላስቲክ ማሰር ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ ውስጥ ለቧንቧ የሚሆን ቁራጭ ጠፋ ማለት አያምርብንም።

ማለዳ ቧንቧው በረዶ ይዞት ከተገኘ ክብሪት ጭሮ ጋዜጣ ማንደድ አይገባም፤ ፕላስቲኩን ያቀልጠዋል። ቧንቧውን ከፍቶ፣ ከቧንቧው አፍ ጀምሮ ወደ ኋላ በሞቀ ውሃ የራሰ ጨርቅ ማስያዝ፣ አለዚያም ፀሐዩን መጠበቅ ነው። መሬት ውስጥ የተቀበረ ቱቦ ከዚህ ሁሉ ያርፋል። የእኛ ውርጭ የሌሊት ነው፤ ቀን ፀሐዩ ስለሚመልሰው ብዙ ወደ መሬት አይዘልቅም። አንድ ክንድ ያህል ቆፍሮ መቅበር ከውርጩም ከጋሪ ጎማም ይጠብቀዋል። ችግሩ ቁፋሮው ሲጀመር ድንጋይ ይመጣል፤ ቆፋሪው አንድ ስንዝር ላይ ያቆማል፤ ባለቤቱም «ይበቃል» ይላል።

መቶ ኪሎ ሜትር በማይሞላ መንገድ ጣርማ በርን ተሻግረው ሸዋ ሮቢት ሲወርዱ ነገሩ ይገለበጣል። እዚያ 1,300 ሜትር ገደማ ነው፤ ጥቁሩ ሮቶ ከሰዓት በኋላ ያለ ማሞቂያ ሙቅ ውሃ ያወርዳል፤ የሚያሳስበው ውርጩ ሳይሆን ለብ ባለ ውሃ ውስጥ የሚራባው ተህዋስ ነው። ሮቶውን ጥላ ሥር ማድረግና ቶሎ ቶሎ ማጠብ ያሻል። ሁለቱን ከተሞች የምንሠራው ግን በአንድ ዓይነት ዕቃና በአንድ ዓይነት አዘረጋግ ነው።

ስለ ሮቶ ካነሳን፣ 2,000 ሊትር የሚይዝ ሮቶ ሲሞላ ውሃው ብቻ ሁለት ቶን ነው። ይህን ክብደት በቀጫጭን የባሕር ዛፍ አጣና ላይ ሰቅሎ ከሥሩ ልጆች የሚጫወቱበትን ግቢ ሳይ ይጨንቀኛል። ደግሞም ብዙ ሰው ሮቶ አስተክሎ «ሻወሩ አይገፋም» ይላል። ውሃ አንድ ባር ግፊት የሚያገኘው ከ10 ሜትር ከፍታ ነው፤ ከሻወሩ ሦስት ሜትር ከፍ ያለ ሮቶ የሚሰጠው ከአንድ ባር ሲሶ ያነሰ ነው። ቧንቧ ሠራተኛው ቱቦውን አሥር ጊዜ ቢፈታው ይህ አይለወጥም። ፓምፕ ማስገባት መፍትሔ ነው፣ ከሮቶው እስከ ሳበ ድረስ። ከመንግሥት መስመር በቀጥታ የሚስብ ፓምፕ ግን የጎረቤትን ድርሻ መንጠቅ ነው፤ ሳቢውንም አይጠቅመውም። መስመሩ በየቦታው ቀዳዳ አለው፤ ፓምፑ ሲስብ በቀዳዳው የሚገባው የቦይ ፍሳሽ ነው። ይህን እያወቀ የሚያደርግ ሰው ለምን በዝምታ እንደሚታለፍ አይገባኝም።

ሮቶ ይታጠባል። ባዶ አድርጎ ጭቃውን ፈግፍጎ ካወጡ በኋላ በውሃ ሞልቶ፣ ለአንድ ሺህ ሊትር አንድ ሊትር በረኪና (5 በመቶ የሆነውን) ጨምሮ ማሳደር፣ በማግስቱ ያንን ውሃ ሳይጠጡ ማፍሰስና ሽታው እስኪለቅ ማለቅለቅ ነው። ፈረቃ ባለበት ከተማ ያንን ሁሉ ውሃ መድፋት ያማል፤ ስለዚህ ሮቶው ሊያልቅ ሲል፣ ውሃ የሚመጣበትን ቀን ጠብቆ ማድረግ ይሻላል። አንድ ሩቡን ብቻ ሞልቶ በረኪናውንም በዚያው ልክ ቀንሶ ግድግዳውን በዚያው ውሃ ደጋግሞ መፈግፈግም ይቻላል።

የውሃ ማሞቂያ ያለው ሰው ሌላም የሚጠነቀቅበት አለው። ከማሞቂያው ሥር ውሃ ወደ ኋላ እንዳይመለስ የሚያግድ ቼክ ቫልቭ ካልተገጠመ፣ መስመሩ ሲደርቅ የማሞቂያው ውሃ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ማብሪያው በርቶ ከተረሳ ደረቁን ሲግል ይቃጠላል። ገላ ታጥበን ስናበቃ ማጥፋት ነው።

ወደ ፍሳሹ እንምጣ፤ እዚህ ጥፋቱን በማንም ላይ ማላከክ አይቻልም። የደብረ ብርሃን ቧንቧ ሠራተኛ ሥራ የሚበዛበትን ወቅት ማወቅ ከፈለጋችሁ የዘመን መቁጠሪያውን ተመልከቱ። ሁዳዴ ሙሉ ፍሳሹ ያለ ችግር ይወርዳል። ፋሲካ አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሳይደርስ የዕቃ ማጠቢያው ይቆማል። የመንዙ በግ ሞራ፣ የዶሮው ወጥ ቅቤ፣ የቁሌቱ ዘይት በሙቅ ውሃ ሲለቀለቅ የሄደ ይመስላል፤ ሁለት ሜትር ሳይጓዝ የደጋው ቅዝቃዜ ቱቦው ግድግዳ ላይ ያረጋዋል። በዚያ ላይ የጀበናው አተላ ይመጣል። ቡና በቀን ሦስቴ በሚፈላበት ቤት አተላው ቅባቱ ላይ እየተለጠፈ ምን ያህል እንደሚጠነክር የሚያውቀው ፍሳሽ የከፈተ ሰው ብቻ ነው። ጠላና አረቄ የሚጠመቅበት ቤት የሚደፋውን አተላና ከድስት የሚፋቀውን ሊጥ እዚህ ላይ ጨምሩበት። ድስቱን ከማጠብ በፊት በወረቀት ወይም በእንጀራ ፍርፋሪ መጥረግ፣ አተላውን ለአትክልቱ ሥር ወይም ለከብቱ መስጠት፣ ቀዳዳው ላይ የብረት ወንፊት ማድረግ፤ ከዚህ የሚበልጥ ቴክኖሎጂ አያስፈልግም።

ከተዘጋ ደግሞ አሲድ አትድፉ። ከሱቅ በጠርሙስ የሚገዛው አሲድ ቅባቱን ብዙም አይነካውም፤ ብረቱንና ሲሚንቶውን ይበላል። አስቀድሞ በረኪና ተደፍቶበት ከሆነ ደግሞ ሁለቱ ሲገናኙ ክሎሪን ጋዝ ያወጣሉ፤ በጠባብ መታጠቢያ ቤት ሰው ሊገድል የሚችል ጋዝ ነው። የላስቲክ መምጠጫ፣ ከማጠቢያው ሥር ያለውን ጎባጣ ቱቦ ፈቶ ማጽዳት፣ ካልሆነም የሽቦ ስፕሪንግ ይቅደሙ። ያ ጎባጣ ቱቦ ውሃ ይዞ የሚቀመጠው የጉድጓዱን ሽታ እንዲያግድ ነው። ለእንግዳ ብቻ የሚከፈት መታጠቢያ ቤት በበጋ የሚሸተው ውሃው ስለደረቀ ነው፤ በየሳምንቱ አንድ ጣሳ ውሃ ቢጨመርበት ሽታው ይቆማል።

ስለ ጠብታ ብዙ አልልም፤ ሒሳቡን ብቻ ላስቀምጥ። በሰዓት አንድ ሊትር ጠርሙስ የሚሞላ ጠብታ በቀን 24፣ በወር 720 ሊትር ነው፤ 36 ባለ ሃያ ሊትር ጀሪካን። ዋጋው ደግሞ ፍጆታ ሲጨምር አብሮ የሚጨምር ስለሆነ ያ ጠብታ ከበላዩ እርከን ሊቆጠር ይችላል። ጎሚኒ መቀየር ግማሽ ሰዓት አይፈጅም። የሽንት ቤቱ ማጠራቀሚያ በዝምታ እንደሚያፈስ ለማወቅ ጥቁር ሻይ ጨምሮበት ግማሽ ሰዓት ሳይለቁ መጠበቅ ነው፤ ቀለሙ መቀመጫው ውስጥ ከታየ መዝጊያ ጎሚኒው ሄዷል። የተደበቀ ፍሳሽ ደግሞ ቧንቧውን ሁሉ ዘግቶ ቆጣሪውን በማየት ይታወቃል።

ታዲያ ይህን ማን ያድርገው? እዚህ ላይ ነው ነገሩ የሚከረው። በርካታ ግቢዎቻችን አንድ ቆጣሪ፣ ባለቤትና አራት አምስት ተከራይ ያሉባቸው ናቸው። ሒሳቡ በራስ ቁጥር ስለሚካፈል የጠብታው ዋጋ ለሁሉም ይበተንና ለማንም አይሰማም። ተከራዩ «ቤቱ የእኔ አይደለም» ይላል፤ ባለቤቱ «የሚጠቀሙበት እነሱ ናቸው» ይላሉ። ቱቦ ሲፈነዳ ደግሞ ለየቤቱ መዝጊያ ስላልተገጠመ ግቢው በሙሉ ውሃ ያጣል። ለየክፍሉ አንድ መዝጊያና አንድ ትንሽ ቆጣሪ ማስገባት፣ ቤቱ ሲሠራ ከታሰበበት፣ ከበሩ ቀለም አይበልጥም። እኛ ግን ሴራሚኩን መርጠን፣ በሩን ቀብተን፣ የተረፈችውን ብር ነው ለቧንቧ የምንሰጠው። ሙቅ ውሃ በሚያልፍበት ቦታ ለቀዝቃዛ የተሠራውን ቀጭን ቱቦ እናስገባለን። ላዩ ላይ የሚችለው የግፊት ደረጃ ፒኤን 10፣ 16 ወይም 20 ተብሎ ተጽፏል፤ ለሙቅ 20ው ነው የሚመከረው። ሠራተኛውን የምንመርጠውም በዋጋ ነው። የፒፒአር መበየጃው 260 ዲግሪ ላይ የሚያዝበት ጊዜ በሰከንድ የሚቆጠር ነው፤ አብዝቶ ያቀለጠው ሰው የቱቦውን ጉሮሮ ከውስጥ ያጠብበዋል። ከውጭ አይታይም፣ ልስኑም ይሸፍነዋል። ስለዚህ ከመለሰኑ በፊት መስመሩን ሞልቶ፣ በግፊት መሞከሪያ ፓምፕ አጥብቆ፣ የግፊት መለኪያው (ማኖሜትሩ) መውረድ አለመውረዱን ማየት፣ ግድግዳውንም በስልክ ፎቶ አንስቶ ማስቀመጥ የባለቤቱ መብት ነው። ይህን እንቢ የሚል ሠራተኛ ሌላ ሥራ ይፈልግ።

ለኪራዩ ጉዳይ አሁን አጋጣሚ አለ። በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ተፈጻሚ በሚሆንባቸው ከተሞች የኪራይ ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብ ያዛል። እስካሁን በእነዚህ ውሎች ውስጥ የሚጻፈው የኪራዩ መጠንና ጊዜው ነው። ሁለት መስመር ይጨመርበት፦ ግድግዳና መሬት ውስጥ ያለው መስመር፣ ሮቶውና ጉድጓዱ የአከራይ ነው፤ ጎሚኒው፣ የሻወሩ ራስና የማጠቢያው ፍሳሽ የተከራይ ነው። ተከራዩ ሲገባ የቆጣሪው ንባብ ይመዝገብ፤ ዋናው መዝጊያም በሁለቱ ፊት አንዴ ተዘግቶ ይከፈት።