ከተማሪው ጎን የምትቀመጥ ባለሙያ

በምኖርበት የአሜሪካ ከተማ በሚገኝ አንድ ኮሌጅ የምትሠራ የቤተ መጻሕፍት ባለሙያ ተማሪዎችን የምታስተምርበት መንገድ ከአገር ቤቱ ልማዳችን ጋር ደጋግሜ እንዳነጻጽር አድርጎኛል። ተማሪ ሲመጣ ወንበሯን ይዛ ከጎኑ ትቀመጥና የቁልፍ ሰሌዳውን ለእርሱ ትተዋለች። የመጽሐፍ ርእስ አትጠይቀውም፤ መጀመሪያ የምትጠይቀው ምን ለማወቅ እንደፈለገ ነው።

ጥያቄው ቀላል ይምሰል እንጂ መልሱ ጊዜ ይፈልጋል። ‹‹ስለ ስደት ነው›› ብሎ የጀመረ ተማሪ ጥቂት ከተነጋገሩ በኋላ በእርግጥ የሚፈልገው ስደተኛ ወላጆች ከልጆቻቸው ጋር በየትኛው ቋንቋ እንደሚነጋገሩ ማወቅ መሆኑን ራሱ ይደርስበታል። ተመራማሪዋ ካሮል ኩልታው ተማሪዎች መረጃ ሲያፈላልጉ የሚሰማቸውን ስሜት አጥንታ እንዳሳየችው፣ ርእስ ከተመረጠ በኋላና የጥናቱ አቅጣጫ ከመጥራቱ በፊት ባለው ጊዜ ግራ መጋባትና ጥርጣሬ ይበረታሉ። ይህች ባለሙያ ተማሪውን የምታገኘው በዚያ ሰዓት በመሆኑ ግራ መጋባቱን ከስንፍና አትቆጥርበትም።

ስለ ኢትዮጵያ ታሪክ የሚጽፍ አንድ ወጣት የሚፈልገው ደራሲ ጠፍቶበት ወደ እርሷ ሲመጣ አጠገባቸው ነበርሁ። ወጣቱ የፈለገው በአባት ስም ነበር። በቤተ መጻሕፍት ማውጫ ደንብ ግን ኢትዮጵያዊ ደራሲ የሚመዘገበው በራሱ ስም ሲሆን፣ የመጽሔት ጽሑፎች የሚፈለጉባቸው ብዙዎቹ የመረጃ ቋቶች ደግሞ የአባትን ስም እንደ ቤተሰብ ስም ስለሚይዙት በሁለቱም መሞከር ግድ ይላል። ባለሙያዋ ይህንን ካስረዳችው በኋላ ቀጣዩን ፍለጋ ለእርሱ ለቀቀችለት። በዘመን አቆጣጠራችን የ7 ወይም የ8 ዓመት ልዩነት የተነሣ የኅትመት ዓመቱ እንደተለያየበትም ወጣቱ ራሱ አስተዋለ። በዚያች ግማሽ ሰዓት የተማረውን ከስንት ገለጻ ባላገኘው ነበር።

እኔ ያደግሁበት ቤተ መጻሕፍት ሌላ ነበር። የካርድ ማውጫውን አገላብጠን፣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፈን፣ ‹‹ጋሼ፣ ይህንን ይስጡኝ›› እያልን በመስኮቱ እንጠብቃለን። ሠራተኛው ስለ ዝምታና ስለ ንጽሕና ይቆጣናል እንጂ ምን እንደምንፈልግ አይጠይቀንም። አልፈርድበትም፤ አንዱን መጽሐፍ ብዙ ተማሪ በሚሻማበት ቤት፣ በፊርማ የተረከበው ንብረት ሲጠፋ ተጠያቂው እርሱ ነበርና።

ዛሬ መልኩ ተለውጧል። በ1936 ዓ.ም. ከተቋቋመው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍታችን ከወመዘክር ሌላ በ2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አለ፤ በዚህም ከልብ ደስ ይለኛል። የቤተ መጻሕፍትና የመረጃ ሙያ ያጠኑ ሰዎችም አሉን። የጎደለን ባለሙያው በማስተማሩ ሥራ ውስጥ የሚይዘው ስፍራ ነው፤ እስካሁን መጽሐፍ እንዲጠብቅ እንጂ ተማሪ እንዲያስተምር አላደረግነውም።

አሜሪካም ቢሆን ሁሉም የተመቻቸ አይደለም። የኮሌጅና የምርምር ቤተ መጻሕፍት ማኅበሩ በ2000 እ.ኤ.አ. ያወጣውን የመረጃ አጠቃቀም መመዘኛ በ2016 እ.ኤ.አ. በስድስት ዐበይት ሐሳቦች ላይ በቆመ ማዕቀፍ ተክቶታል፤ ሆኖም ብዙዎቹ ባለሙያዎች አንድን ክፍል የሚያገኙት በአንድ ወሰነ ትምህርት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ያቺ ባለሙያ የክፍለ ጊዜውን እጥረት የምታካክሰው ተማሪውን ለብቻው በማግኘት ነው።

እኛ ዘንድ ጅማሬው ብዙ ወጪ የሚጠይቅ አይመስለኝም። የዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያ ዓመት ተማሪዎች ሎጂክና ሒሳዊ አስተሳሰብ የሚባል ትምህርት ይወስዳሉ። መምህሩ የመጀመሪያውን የጽሑፍ ሥራ በሚሰጥበት ሳምንት አንዱን ክፍለ ጊዜ ለቤተ መጻሕፍቱ ባለሙያ ይልቀቅ፤ ተማሪዎቹም የየራሳቸውን ጥያቄ ይዘው ይቅረቡ። ‹‹ፀሐይ›› ተብሎ የተመዘገበውን ርእስ ‹‹ጸሀይ›› ብሎ የጻፈ ተማሪ ለምን እንደሚያጣው በዚያው ሰዓት በራሱ ፍለጋ ላይ ሊያየው ይችላል።